የመንደሪን እጅ

ኦትሱ፣ ኖቬምበር 9፣ 2000

ለልጅ ልጄ ለናጊሳ፣ ሳፖሮ፤

ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር። ባለፈው ደህና ነኝ ስልሽ «የሚያስል ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው» ብለሽ ስለመለስሽልኝ ግን፣ አሁን የምልሽ አልሞትኩም ብቻ ነው። ሳሉ አለ። ጉልበቴም አለ፤ ሲፈልግ ይታጠፋል፣ ሳይፈልግ እንቢ ይላል። አንቺ በልጅነትሽ ራት ቅረቢ ስትባዪ እንደነበርሽው ማለት ነው።

ለጠየቅሽኝ በየተራው ልመልስ። አዎ፣ የካኪውን ፍሬ ልጬ እንዲደርቅ ከጣራው ክፈፍ ሥር በገመድ ሰቅዬዋለሁ። አዎ፣ በርጩማ ላይ ወጥቼ። የለም፣ ማንም አልያዘልኝም። የለም፣ አልወደቅሁም። ሰፈራችን ያለው ቁራ ገና ሳይደርቅ ቀምሶት ምንቃሩን እያራገፈ ሄደ። ሲጣፍጥ ተመልሶ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ቁራ ከአንዳንድ የልጅ ልጆች ይሻላል፤ ቢያንስ ይመለሳል።

የመጨረሻው ጥያቄሽ ላይ ቆም አልኩ። ሃታናካ መጥቶ ነበር ወይ ብለሻል። ሳፖሮ ተቀምጠሽ ደጄ ላይ የማን ጫማ እንደወለቀ የምታውቂው በምን ተአምር ነው? ቢሮአችሁ ውስጥ ወሬው ከበረዶው ቀድሞ ገብቷል ማለት ነው።

መጥቶ ነበር። የባቄላ ጣፋጭ ይዞ። ያ እኔ መሮ አያያዝ ያስተማርኩት ልጅ፣ ዛሬ የሚዙሃራ መጫወቻዎች ፕሬዚዳንት ሆኖም ጣፋጭ ይዞ የሚመጣው ለሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ወይ ሰው ሞቷል፣ ወይ እኔን ሊለምን ነው። ተንበርክኮ ተቀመጠ፤ ሻዩን አልነካም። የሞተ ሰው እንደሌለ ያኔ ገባኝ። ከዚያ ሲናገር ግን ተሳስቼ እንደነበር አወቅሁ፤ የሞተ ነገር ነበር።

አሁን የምንሸጠው የጨዋታ ማሽን የመጨረሻው ነው አለኝ። ሚዙሃራ ከእንግዲህ የራሱን ማሽን አይሠራም፤ ጨዋታ እየሠራ ለሌሎች ማሽን ይሰጣል። ለሌሎች ማለት ለእነዚያ ለባላጋራዎቻችን ለቶኪዮዎቹ ነው። እነሱም በሩን የሚከፍቱት በመጀመሪያ አንድ ጨዋታ ከመጣላቸው ነው፤ የእኔው የጀልባ ጨዋታ፣ «ወደ ማዶ»።

የቤቱን ወግ መቼም ታውቂዋለሽ። ሚዙሃራ የእንጨት መጫወቻ ሲጠርብ ከኖረበት ዘመን የመጣ ነው። አዲስ ጨዋታ ሲታሰብ ከሁሉ በፊት በእጅ የሚጨበጠው መያዣ በእንጨት ይጠረባል፤ እጅ ሳይወደው ማንም ሥዕል አይስልም። ያ እንጨት መተላለፊያው ላይ ካለው መደርደሪያ ይቀመጣል። የጠረበው ሰው በገዛ እጁ እስኪያወርደው ድረስ ጨዋታውን ለሌላ ቤት መስጠት ይቅርና ቀለሙን የሚቀይር የለም። ፕሬዚዳንቱም ቢሆን።

«መምህር፣ ያውርዱልን» አለኝ።

«ጉልበቴ በርጩማ አይወጣም» አልኩት።

ቀና ብሎ የተሰቀለውን ካኪ አየ።

ሲወጣ ደጁ ላይ ጫማውን እያጠለቀ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ ካልወረደ የሳፖሮው ቅርንጫፍ ለመጪው ዓመት ሥራ እንደማይኖረው ነገረኝ። በማርች ይዘጋል፤ ሰዉም ወደየቤቱ ይመለሳል። «ናጊሳም» አለ። በማግሥቱ ክፍልሽን ከፍቼ ፍራሽሽን ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ሌላ ምክንያት የለውም። አየሩ ደህና ስለነበር ነው።

አያትሽ ቶኩጂ

ሹራብ ልበሺ። ቀዩን ሳይሆን ወፍራሙን።

 

ኦትሱ፣ ኖቬምበር 28

ለናጊሳ፣ ለሳፖሮዋ ጠበቃ፤

ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ ዳኛው የት አለ ብዬ ዞር ዞር አልኩ። ክርክር እንዲህ ያምርብሻል ብዬ ባውቅ ሕግ ትምህርት ቤት እልክሽ ነበር፤ እሱ ኪዮቶ ነው፣ ቅርብ ነው።

የቶኪዮዎቹ ማሽን ያልገባበት ቤት የለም ብለሻል። ልክ ነው። ጉንፋንም ያልገባበት ቤት የለም። የእኛን ማሽን የሚገዛው በየዓመቱ እየቀነሰ ነው ብለሻል። እሱም ልክ ነው፤ እኔም በየዓመቱ እየቀነስኩ ነው፤ ግን እስካሁን ለጎረቤት አልተሰጠሁም።

የሰፈሩ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ደግሞ ከዚህ ሌላ ወሬ የለም። ሽማግሌዎቹ የሚዙሃራ ጡረተኞች ሙቅ ውሃ ውስጥ እስከ አንገታችን ተዘፍቀን እንጣላለን። ቀለም ቀቢው ኢቦሪ፣ ምግብ ምን ቢጣፍጥ ሰዉ የሚበላው በር ላይ በሚያልፍበት ቤት ነውና ሰው ወዳለበት መሄድ ነው አለ። እኔ ደግሞ እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው አልኩት። ዛሬ በሩን የከፈተልሽ ባለቤት ነገ ቁልፉን ይቀይራል፤ ኪራዩን ይጨምራል፤ ወንበሩን ከሥርሽ ይስባል። የራሱ ማሽን ያለው ግን ቢጠብም ቤቱ ነው። ኢቦሪ ትንሽ አሰበና «ባዶ ቤት ውስጥ ጌታ ሆኖ ከመቀመጥስ?» አለኝ። ውሃ ረጨሁበት። ያ ነው መልሴ።

አሁን ደግሞ ያንን ያናደደኝን ጥያቄሽን። አንድ ክብ መዘውር ቢቀር ምን ይጎዳል ብለሽ ጠየቅሽኝ። አንቺ፣ በእሱ ላይ ያደግሽ ልጅ።

መዘውሩ አይደለም። ስሚ። ያን መያዣ የጠረብኩት በክረምት ነው። እኔና አያትሽ ፉሚዬ ማሞቂያ ያለበት ጠረጴዛ ሥር እግራችንን ከትተን፣ ቴሌቪዥኑ የሚታየው ከአንድ ወገን ብቻ ስለነበር፣ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን እንቀመጥ ነበር። አንድ ረጅም እንጨት በሁለታችንም ጉልበት ላይ አጋደምኩ። በግራ ጫፍ መዘውር አለ፤ እኔ በግራ እጄ ጀልባዋን እመራለሁ። በቀኝ ጫፍ መቅዘፊያ አለ፤ እሷ በቀኝ እጇ ትቀዝፋለች። መሐል ላይ የእኔ ቀኝና የእሷ ግራ እጅ ሥራ ፈተው ቀሩ። ስህተት ነው ብዬ ለእነሱም የሚጫን ነገር ልጨምር እርሳሴን ሳነሳ፣ ፉሚዬ በሥራ ፈቷ እጇ መንደሪን አጎረሰችኝ። «ምንም አትጨምርበት» አለችኝ። አልጨመርኩም። በመላው ጃፓን ሰው ያን ጨዋታ የወደደው በጀልባዋ ይመስለዋል። እኔ ግን በመንደሪኑ እንደሆነ አውቃለሁ።

እናትሽ ለሥራ ኦሳካ ሄዳ አንቺን ለእኛ ስትተውሽ፣ ፉሚዬ ቦታዋን ለቀቀችልሽ። የጀልባዋ ገመድ ከመፈታቱ በፊት ሁልጊዜ አንድ ጊዜ ትቀዝፊ ነበር፤ ጀልባዋ ከመነሻው ምሰሶ ጋር ትላተም ነበር፤ እኔ እቆጣ ነበር፤ አንቺ ደግሞ አፌን በመንደሪን ትዘጊው ነበር።

የቶኪዮዎቹ ለየሰዉ አንድ አንድ መያዣ ያድላሉ፤ ሁለት እጅ ሙሉ የሚይዝ። እሺ፣ እኔን ማን ያጉርሰኝ?

አያትሽ

እዚያ ግን ምን አለሽ? በረዶ ነው፣ ሸርጣን ነው። ሌላስ?

 

ሳፖሮ፣ ዲሴምበር 14

ለተከበሩት አያቴ፤

መልስ ስላዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ። እየጀመርኩ እቀደዋለሁ። በረዶው የመስኮቴን ግማሽ ሸፍኖታል፤ ከላይ በቀረው በኩል ሰማይ ብቻ ነው የሚታየኝ። ሐይቁ ይናፍቀኛል። እዚህ ውሃ ሁሉ ቆሞ ነው ያለው፤ የሚንቀሳቀስ ውሃ ማየት ያምረኛል። የሐይቁ ዛጎል ያለበትን የሚሶ ሾርባ በሕልሜ ጠጥቼ፣ ነቅቼ ጨው ጨው ብሎኛል።

እዚያ ምን አለሽ ላሉኝ፤ ሥራዬ አለኝ። ከእርስዎ ጎን ተቀምጬ እግሬ ወለል ሳይደርስ የተመኘሁት ሥራ ነው። የሚበላም አለ። ወፍራሙን ሹራብም ለብሻለሁ።

አሁን እኔ ልጠይቅ። ፍራሼን ለምን አሰጡት? አየሩ ደህና ስለነበር አሉኝ። አያቴ፣ የድሮ ጋዜጣ ፈልጌ አየሁ። ሃታናካ በመጣ ማግሥት ኦትሱ ሙሉ ቀን ሲዘንብ ነው የዋለው።

ስለዚህ በግልጽ ልንገርዎት፤ ተቆጡም አልተቆጡም። ጨዋታውን የማያወርዱት ለጨዋታው ብለው ከሆነ እኮራብዎታለሁ። ቅርንጫፉ ይዘጋ፤ ሻንጣዬን ይዤ አንገቴን ቀና አድርጌ እመጣለሁ። የማያወርዱት እኔ እንድመለስ ብለው ከሆነ ግን፣ ያኔም እመጣለሁ። ሌላ መሄጃ የለኝም። ክፍሌ ውስጥ እተኛለሁ፣ ሾርባውን እጠጣለሁ። ግን የሚጠብቋት ልጅ አይደለችም የምትገባልዎት። እሷ እዚህ ትቀራለች።

አንድ ነገር ደግሞ ደብቄዎት ነበር። ባለፈው እሑድ ሰው በሌለበት ቢሮ ገባሁና ሁለት የቶኪዮዎቹን ማሽኖች በስልክ መስመር አገናኘሁ፤ አንዱ በዚህ ክፍል፣ አንዱ በዚያኛው። ጀልባዎን እንደነገሩ አድርጌ ውሃው ላይ አወረድኳት። ያወረድኳት ሳይፈቀድልኝ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለሙከራ ነው፣ ሰኞ አጥፍቼዋለሁ። መሪውን ጠምዝዤ ለመቅዘፍ ወደዚያኛው ክፍል እሮጣለሁ፤ ቀዝፌ ለመምራት ወደዚህ እሮጣለሁ። ጀልባዋ ባለችበት ዞረች፣ ዞረች። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነ። የጎደለኝ መዘውሩ አልነበረም፤ ከጫፉ ያለው ሰው ነበር።

ያ መስመር ሳፖሮና ኦትሱን አንድ ጀልባ ላይ ማስቀመጥ ይችላል። የእኛ ማሽን አይችልም። እርስዎ ጨዋታውን የሠሩት ትከሻ ለትከሻ ለሚቀመጡ ሰዎች ነው። ዛሬ የሚዋደዱ ሰዎች እንደዚያ የት ይቀመጣሉ? እኔና እርስዎ እንኳ?

ለአዲስ ዓመት አልመጣም። ፈቃድ ከልክለውኝ አይደለም፤ አልጠየቅሁም። ያን በር ከገባሁ ተመልሼ መውጣት የምችል አይመስለኝም።

ናጊሳ

 

ኦትሱ፣ ጃንዋሪ 7፣ 2001

ለናጊሳ፤

ይህን ያህል ጊዜ ዝም ያልኩት ታምሜ አይደለም፤ ኩርፊያ ነው። በዚህ ዕድሜ ኩርፊያ ጤናን ያጠነክራል ይላሉ። ይላሉ ስል፣ እኔ ነኝ ያልኩት።

ዝናብ ነበር። እሺ። ፍራሹን ያሰጣሁት ምድጃው ፊት ነው፤ አንዱ ጥግም ትንሽ ተቃጥሏል። የድሮ ጋዜጣ የምታገላብጥ ልጅ ያሳደገ ሰው የመዋሸት መብቱ ተገፏል።

አዲሱን ዓመት እንዴት አሳለፉት ብለሽ በካርድሽ ላይ ጠይቀሻል። በደንብ። የሩዝ ቂጣውን አብስዬ ሾርባውን በሁለት ሳህን ቀዳሁ። እጄ ነው የቀዳው፤ እኔን አላማከረኝም። ሁለተኛውን ሳህን እያየሁ ቁጭ ብዬ ሳለ ሃታናካ ለአዲስ ዓመት ሰላምታ ገባ፤ አበላሁት። እሱ ለእሱ የተቀዳ መስሎት ዓይኑ እንባ አቀረረ። አላረምኩትም።

የተቋጠረ ጨርቅ ይዞ ነበር። ሲፈታው የቶኪዮዎቹ ማሽን። ሌባ ዕቃ እንደሚያሸሽ ሰው መጋረጃውን ዘጋ። እኔም መያዣውን ተቀብዬ አገላበጥኩት። እውነቱን ልንገርሽ፤ ጥሩ እጅ ነው የሠራው። መታጠፊያው ላይ አውራ ጣት የሚያርፍበትን ቦታ አንድ ሰው ተጨንቆበታል። እንጨት ቢሆን ኖሮ ማን ጠረበው ብዬ እጠይቅ ነበር። ባላጋራ መናቅ ደስ ይላል፤ ችሎታውን ሲያሳይሽ ግን ደስታው ይቀንሳል።

ሃታናካ አንገቱን ደፍቶ ነበር። «መምህር፣ ባያወርዱት እኔ እፎይ ነው የምለው» አለኝ። «የሚዙሃራን ማሽን የዘጋ ሰው ተብዬ መኖር አልፈልግም። እርስዎ እንቢ ካሉኝ ሽማግሌው እንቢ አለ ብዬ እገላገላለሁ።»

«እና ለምን ትለምነኛለህ?»

«ናጊሳ አንገቷን ደፍታ እንድትመለስ ስለማልፈልግ ነው። እርስዎም አይፈልጉም።»

«ማን ነው አንተን እንዲህ እንድትናገር ያስተማረህ?»

«መሮ ያስያዘኝ ሰው» አለኝ።

ሲሄድ ማሽኑን ረሳው። ሃታናካ በሕይወቱ ዕቃ ረስቶ አያውቅም።

ደብዳቤሽን እንደገና አወጣሁ። ጀልባዋ ባለችበት ዞረች ያልሽበት ላይ ስደርስ መነጽሬን አወለቅሁ። ልጄ፣ ያን ሕግ ያስገባሁት እኔ ነኝ። መሪውን የያዘው ሰው ወደ ራሱ ዳርቻ ብቻ ከጠመዘዘ፣ የሚቀዝፈው የቱንም ያህል ቢደክም፣ ጀልባዋ ትዞራለች እንጂ አትሻገርም። ሰው ሁሉ ይበሳጭበት ነበር፤ እኔም አንብቡት፣ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል እያልኩ እሳለቅ ነበር። ይኸው በስተርጅናዬ የራሴ ጀልባ አዞረችኝ።

ክፍልሽን ዘግቼዋለሁ። መስኮቱን ማለቴ ነው፤ በሩን አይደለም።

በሚቀጥለው ሳምንት ሄጄ እንጨቱን አወርደዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ለምኜሻለሁ፤ መንደሪኑን አስቢበት። እንዴት እንደሚሆን አላውቅም፤ የተማርሽው አንቺ ነሽ።

አያትሽ ቶኩጂ

 

ሳፖሮ፣ ፌብሩዋሪ 20

ለምናፍቃቸው አያቴ፤

እንዴት ነበር ብዬ ብጠይቅዎ «አወረድኩት፤ አቧራ ነበረበት» ብለው በፖስት ካርድ ላኩልኝ። ስለዚህ ሃታናካን ጠየቅሁት። ሁሉንም ነገረኝ፤ ይቆጡት።

ሠራተኛው ሁሉ ጫማውን አውልቆ መተላለፊያው ግራና ቀኝ ቆሞ ነበር አለ። በርጩማውን ልያዝ ያለውን ሁሉ አባረው ብቻዎን ወጡ። እንጨቱን ደረትዎ ላይ አቅፈው ከዚያ አልወርድ አሉ። ቢጠብቁ፣ ቢጠብቁ፣ አልወረዱም። በመጨረሻ ሃታናካ ፈራ ተባ እያለ መምህር ደህና ነዎት ወይ ሲልዎት «እይታው ጥሩ ነው» አሉት። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሃታናካ ብቻ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። በባቡር ላድርስዎት ቢልም እንቢ ብለው እንጨቱን በጨርቅ ቋጥረው ጉልበትዎ ላይ አድርገው ብቻዎን ሄዱ። ያን ስሰማ ቢሮ ውስጥ ነበርኩ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፈትኩ።

ቅርንጫፉ አይዘጋም። ደስ ብሎኛል ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን እርስዎ ስላስተማሩኝ አልዋሽም። ደስ ያለኝም የከፋኝም በአንድ ቦታ ላይ ነው።

መንደሪኑን አሰብኩበት።

በቶኪዮዎቹ መያዣ ላይ መሪውን ለሚይዘው ሰው የግራውን በኩል ብቻ ሠራሁለት፤ ለቀዛፊው የቀኙን በኩል ብቻ። የተቀረው ግማሽ ቢጫን ምንም አያደርግም። ናሙናውን ላክንላቸውና ከቶኪዮ ደወሉ፤ ግማሹ ቁልፍ አይሠራም፣ ስህተት አለበት አሉ። ስህተት አይደለም አልኳቸው። ታዲያ ያኛው እጅ ምን ያደርጋል አሉኝ። የሚያጎርስ ነው አልኳቸው። ከዚያ አንድ በዕድሜ የገፉ የሚመስሉ ሰው ስልኩን ተቀብለው «የሠሩት ሰው በሕይወት አሉ ወይ?» ብለው ጠየቁ። አሉ፣ ይስላሉ እንጂ ደህና ናቸው አልኳቸው። እንደዚያው ይሁን አሉ።

ማሽኑን ሃታናካ ስለ«ረሳው» የሙከራውን ዲስክ ልኬልዎታለሁ። የስልክ መስመሩን ኢቦሪ ይሰኩልዎታል፤ ውሃ አይርጩባቸው። እሑድ ከምሳ በኋላ እጠብቅዎታለሁ። ድምፅ አይሰማም፤ ጀልባዋ ብቻ ናት።

ናጊሳዎ

 

ኦትሱ፣ ማርች 21

ለናጊሳ፣ ለቀዛፊዬ፤

የመጨረሻው የሚዙሃራ ማሽን ባለፈው ሳምንት ከፋብሪካው ወጣ አሉ። ሥነ ሥርዓት ነበረ። ጠርተውኝ አልሄድኩም፤ እንደዚያ ያለ ቦታ መቀለድ አይፈቀድም፣ እኔ ደግሞ ሌላ ነገር አልችልም። ኢቦሪ ሄዶ አንድ ገዝቶ መጣ። ያ «ሰው ወዳለበት መሄድ ነው» ሲለኝ የነበረው ሰውዬ። ሣጥኑን ሳይከፍተው ትራሱ አጠገብ አስቀምጦታል።

እሑድ እንዴት ነበር ብለሽኛል። አንቺም እዚያው ጀልባ ላይ ነበርሽ፤ ምን ትጠይቂኛለሽ? ግን እሺ፤ በእኔ በኩል እንዴት እንደነበር ልንገርሽ።

ኢቦሪ ሽቦውን ሰክቶ ሄደ። ጠረጴዛው ሥር እግሬን ከተትኩ፤ በቀኜ ትራስሽን አስቀመጥኩ። ጀልባዋ ቴሌቪዥኑ ላይ መጣች። ወንበሯ ላይ ሁለት ሰው ተቀምጧል፤ አንዱ እኔ ነኝ። ሌላው ማንም ሊሆን ይችላል አልኩ፤ ድምፅ የለ፣ ክርን የለ። እነዚያ ሰዎች በሽቦ ሌላ ሰው ልከውልኝስ ቢሆን በምን አውቃለሁ? ሽማግሌ ተጠራጣሪ ነው።

ከዚያ ገመዱ ሳይፈታ መቅዘፊያው ተንቀሳቀሰ። ጀልባዋ ከመነሻው ምሰሶ ጋር ተላተመች።

«መጣች» አልኩ፤ ባዶ ቤት ውስጥ፣ ጮክ ብዬ።

መሐል ሐይቅ ስንደርስ ቀኝ እጄ የተላጠውን መንደሪን አንስቶ ወደ ቀኝ ዘረጋው። ያም እጅ እንደ ሳህኑ ጊዜ እኔን አላማከረኝም። እዚያው አየር ላይ ቆየ። ጀልባዋ ስትንገዳገድ አይተሽ ይሆናል፤ ሽማግሌው ደከመው ብለሽ ይሆናል። አልደከመኝም። መንደሪኑን ትራሱ ላይ አስቀምጬ መሪውን መለስኩ። ማዶ ደረስን። ከደረስን በኋላ ማናችንም ማሽኑን አላጠፋንም፤ ጀልባዋ እዚያ ስትወዛወዝ ቆየች። አንቺ ማጥፋት ረስተሽ ነው ወይስ እንደ እኔ ነሽ? አትመልሺልኝ።

ስለዚህ ጥያቄሽን ልመልስ። ትክክል ነበርን ወይ ብለሻል። የራስን ቤት ዘግቶ በሰው ቤት መጫወት ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም። የባላጋራው ቤት ሰፊ ነው፤ ጀልባዬም ተሻግራለች። ጎኔ ግን ይበርደኛል። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን እንዲያሸንፈው መጠበቅ ትቻለሁ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሣጥን አለ። ካኪው ደርቋል፤ ቁራው እንዳልኩሽ ተመልሶ መጥቶ ድርሻውን ወስዷል። ከሥሩ በጨርቅ የተጠቀለለው ያ እንጨት ነው። ግማሹ። ከመደርደሪያ ያወረድኩትን መያዣ መሐል ለመሐል በመጋዝ ቆረጥኩት። መዘውሩ ያለበት እኔ ጋ ቀርቷል፤ መቅዘፊያው ያለበት ያንቺ ነው። ኢቦሪ አየውና ራሱን ይዞ ጮኸ፤ ሃታናካ ከሰማ ይሞታል አለኝ። ነገርኩት፤ አልሞተም።

አቆራረጡ ጠማማ ነው። እጄ ተንቀጥቅጦ እንዳይመስልሽ፤ በመጋዝ ቀጥ ያለ መስመር መሄድ ገና አልጠፋብኝም። ቀጥ ብሎ የተቆረጠ እንጨት ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ ከማንኛውም እንጨት ጋር ይገጥማል። ይሄ የሚገጥመው ከአንድ እንጨት ጋር ብቻ ነው፤ እሱም ኦትሱ ውስጥ፣ ሐይቁን በሚያየው መስኮት ሥር ተቀምጧል።

በኦገስት የሙታን በዓል የፉሚዬን ነፍስ ልንቀበል ስትመጪ ግማሽሽን ይዘሽ ነይ። ስትመለሺም ይዘሽው ተመለሺ። ፍራሽሽን አሰጣዋለሁ፤ ዝናብም ቢሆን።

እስከዚያው እሑድ እሑድ አትቅሪ። እና እባክሽ ገመዱ ሳይፈታ አትቅዘፊ።

ወይም ቅዘፊ። በእሱ ነው የማውቅሽ።

አያትሽ ቶኩጂ